ምዕራፍ ስድስት፦ ዘመን የሌለው ዓመት

በወላይታ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በበዴሳ አንድ የልደት ምዝገባ ቅጽ ተሞላ እንበል። የሕፃኗ ስም፣ የወላጆቿ ስም፣ የተወለደችበት ቀበሌ በየመስመሩ ሰፍሯል። የትውልድ ዓመት በሚለው ቦታ 2008 ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ምንም የለም። መዝጋቢው አላጠፋም። በዴሳ ላይ 2008 ሲባል የትኛው 2008 ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅጹ ግን እዚያው መዝገብ ቤት አይቀርም፤ ቁጥሩ አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተር ይገባል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ሌላ ነገር ካልተነገራቸው በቀር ያገኙትን ዓመት ሁሉ የጎርጎርዮስ አድርገው ይቀበላሉ።

ውጤቱን እናስላው። ዛሬ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ በ2008 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ገና የአሥር ዓመት ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ያው 2008 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከተነበበ ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ወይም ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት ወጣት ትሆናለች። አሥራ ስምንት ዓመት በኢትዮጵያ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ነው፤ ለመምረጥ የሚያበቃውም ይኸው ነው። በወረቀቱ ላይ አንድም አኃዝ ሳይነካ አንዲት ሕፃን ለአቅመ ሔዋን ደረሰች ማለት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ሲጀመር ልጆች የማይካድ የዕድሜ ማስረጃ ያገኛሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ዘመኑ ያልተጻፈበት ዓመት ይህን ማስረጃ ባዶ ያደርገዋል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ዘመን ነው፤ ዓመቱ ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ የሚነግረን ምልክት። ዓ.ም.፣ ዓ.ዓ. እና እ.ኤ.አ. ብለን የምናሳጥራቸው እነዚህ ምልክቶች በፕሮግራም ውስጥ እንዴት ይቀመጣሉ? በመንገድ ዳር የቆመ የኪሎ ሜትር ድንጋይ 20 የሚል ቁጥር ብቻ ቢይዝ፣ ከየትኛው ከተማ እንደተለካ ካልታወቀ ለመንገደኛው ምንም አይነግረውም። ዓመትም እንዲሁ ነው። ዘመን የዓመቱ ግማሽ አካል ስለሆነ፣ የቀን ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ከቁጥሩ እኩል ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ቀኑ አንድ፣ ቁጥሩ ብዙ

መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለውን ዕለት እንውሰድ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። በዓመተ ዓለም (ዓ.ዓ.)፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ስንቆጥር፣ 7516 ይሆናል። የግብፅ ኮፕቶች ከንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ284 ጀምረው በሚቆጥሩት በዘመነ ሰማዕታት 1740 ነው። ታይላንድ ውስጥ 2566፣ ታይዋን ውስጥ 112፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ የሬይዋ ዘመን 5ኛ ዓመት ነበር። ፀሐይ በሁሉም ላይ የወጣችው አንድ ጊዜ ነው። የሚለያዩት ከየት እንደጀመሩ ነው።

ኮምፒውተር ይህን ብዛት የሚያስታርቀው ከሁሉም ጀርባ አንድ ተራ የቀን ቁጥር በማስቀመጥ ነው። ብዙ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምረው ነው፤ ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ጁሊያን የሚባለው የቀን ቁጥር ደግሞ መነሻው እጅግ የራቀ ስለሆነ ለታሪክ ሥራ ይመቻል። ከእኛ አቆጣጠር ወደዚህ ቁጥር መሻገር ቀላል ነው። በ1,723,856 ይጀምሩ። ዓመተ ምሕረቱን በ365 አባዝተው ይጨምሩበት። ዓመቱን ለ4 አካፍለው፣ ትራፊውን ትተው ድርሻውን ይጨምሩ። ላለፈው ለእያንዳንዱ ወር 30፣ በወሩ ውስጥ ላለፈው ለእያንዳንዱ ቀን 1 ይጨምሩ።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን እንሞክር፦ 1,723,856 + 735,475 + 503 + 360 + 5 = 2,460,199። በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2016፦ 1,723,856 + 735,840 + 504 = 2,460,200። ሁለቱ ቀኖች ሳይዛነፉ ተከታተሉ። ዘመነ ሉቃስ የሚባለውን የ2015ን ስድስተኛ የጳጉሜን ቀን የተሸከመው ለ4 ያካፈልነው ድርሻ ነው።

2,460,200 የሚለው ቁጥር ዘመን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ማሽኑ የሚያስቀምጠው እሱን ነው። ሰው ግን 2,460,200 ተወለድኩ አይልም። ቁጥሩ ወደ ሰው ዐይን ሲወጣ፣ ወይም ሰው የጻፈው ዓመት ወደ ማሽኑ ሲገባ፣ ዘመን የግድ አብሮ መምጣት አለበት። ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ በር ላይ ነው።

አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ

የመጀመሪያው ዓመተ ምሕረት መስከረም 1 ቀን የዋለው በጁሊያን አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 8 ላይ ነው። የዚያ ዕለት ዋዜማ ስንት ዓመት ነበር? ጥያቄው ለቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የየሐ ቤተ መቅደስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው። የሙዚየም መዝገብ፣ የታሪክ መማሪያ ወይም የቅርስ ዳታቤዝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንሥራ ካልን ከዓመት 1 በፊት ያለውን ዘመን መጻፍ ግዴታችን ነው።

በጃቫ ቋንቋ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ጆዳ ታይም የተባለው ላይብረሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ከዓመት 1 በፊት ያለ ቀን ግን አይቀበልም። አንድ ዘመን ብቻ ነው ያለው።

ከእሱ በኋላ የመጣው ስሪቴን ኤክስትራ ሁለት ዘመኖች አሉት፤ አንዱ ከሥጋዌ በፊት፣ ሌላው ከሥጋዌ በኋላ። በዚህ ላይብረሪ ዋዜማው ከሥጋዌ በፊት ዓመት 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው 2፣ ከዚያ በፊት 3 እያለ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አካሄዱ የተወሰደው ከአውሮፓውያኑ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው።

ሦስተኛው በአንድሮይድ ስልኮችና በክሮም ውስጥ የሚሠራው አይሲዩ የሚባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ ነው። እሱ ከዓመት 1 በፊት ሲደርስ ወደ ዓመተ ዓለም ይሻገራል፤ ዋዜማው ጳጉሜን 5 ቀን 5500 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ስለሆነ፣ አንደኛው ዓመተ ምሕረት 5501 ዓመተ ዓለም ነው።

ከሦስቱ ለእኛ ትውፊት የቀረበው ይህ ሦስተኛው ነው፤ በሒሳብ ረገድም ውበት አለው። የአውሮፓው ቅድመ ልደት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ትልቁ ቁጥር የቀደመውን ዘመን ያመለክታል፤ ፕሮግራም ቀኖችን በቅደም ተከተል ሲደረድር ሁለት ደንብ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ከቅድመ ልደት 1 ቀጥሎ የሚመጣው እ.ኤ.አ. 1 ስለሆነ በመካከል ዜሮ የለም። የሥነ ፈለክ ሰዎችና አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ዜሮን ጨምረው ሒሳቡን አስተካከሉ፤ በዚህም ምክንያት የጃቫ ፕሮግራመሮች እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ዓመት መለየት አለባቸው፤ አንዱ ከነዘመኑ የሚነበብ፣ ሌላው ዜሮንና ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን የሚቀበል። ዓመተ ዓለም ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት ይሄዳል። 5499፣ 5500፣ 5501። ዜሮም አያስፈልገውም፣ የተገላቢጦሽ ቆጠራም የለበትም። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ዓመት እንዳለ ለማወቅ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ ይበቃል።

ሦስቱም ላይብረሪዎች በየራሳቸው አሳብ የተሠሩ ናቸው። አደጋው ሁለት ፕሮግራሞች ቀን ሲለዋወጡ ነው። አንደኛው "ከሥጋዌ በፊት 1" ብሎ የላከውን ሌላው "ዓመተ ዓለም 1" ብሎ ከተቀበለው አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ይጠፋል። አጭር ኮዶችም አያድኑም። ለጃቫስክሪፕት ቋንቋ በተዘጋጀው የዘመን ኮድ ሠንጠረዥ የእኛ ዓመተ ምሕረትና የኮፕቶች ዘመነ ሰማዕታት አንድ ዓይነት ባለሁለት ፊደል ኮድ ይዘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 276 ዓመት ነው። የዘመን ምልክት ትርጉም የሚኖረው የቀን መቁጠሪያው ስም አብሮት ሲጻፍ ብቻ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ያስተማረን

ዓመተ ዓለም ለጥንት ታሪክ ብቻ የሚያገለግል ሊመስል ይችላል። በእርግጥ ግን በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ሥራ ላይ ነው። በባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት ከዓመተ ዓለም ተነሥቶ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሕረ ሐሳብ በሚለው መጽሐፋቸው ይህን ትውፊት ለዘመናችን አንባቢ በሰፊው አቅርበውታል። እኛ እዚህ የምንፈልገው ከእሱ ሦስት ስሌት ብቻ ነው።

የ2016ን እንሥራ። ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው። ለ4 ስናካፍለው ያለ ትራፊ 1879 ይደርሳል፤ ትራፊ ከሌለ ዓመቱ የሚጠራበት ወንጌላዊ ዮሐንስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። 7516ን ከ1879 ጋር ስንደምር 9395፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ዕለቱ ማክሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 በእርግጥም ማክሰኞ ዋለ። ተንቀሳቃሾቹ በዓላት የሚወጡባቸውን ቁጥሮች ለማግኘት ደግሞ 7516ን ለ19 እናካፍል፤ 11 ይተርፋል። አንድ ቀንሰን ወንበሩ 10 ነው። 10 በ11 ተባዝቶ 110፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20 ይሆናል። 10 በ19 ተባዝቶ 190፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ነው።

አሁን አንድ ፕሮግራመር እነዚህን ቀመሮች በኮድ ጽፎ፣ በ7516 ፈንታ 2016ን አስገባ እንበል። ወንጌላዊው? 2016 ለ4 ያለ ትራፊ ይካፈላል፤ ዮሐንስ። ትክክል ነው። 5500 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል ስሕተቱ አይታይም። ፕሮግራመሩም ሠራልኝ ብሎ ያምናል። ዕለቱስ? 2016 ሲደመር 504፣ 2520፤ ለ7 ያለ ትራፊ ይካፈላል፤ ሰኞ ይላል። በአንድ ቀን ተሳሳተ። አበቅቴው 11፣ መጥቅዑ 19 ሆኖ ይወጣል። ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ የሚወጡት በመጥቅዕ ስለሆነ ሁሉም ይዛባሉ።

ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ቀይ መልእክት አላሳየም። ያወጣቸው ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ሊመስሉ የሚችሉ ናቸው፤ ሰኞም ዕለት ነው፣ 11ም አበቅቴ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዓመትን እንደ ተራ ቁጥር ማስቀመጥ አደገኛ የሚሆነው። መፍትሔው ዓመተ ዓለምንና ዓመተ ምሕረትን በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አድርጎ ማወጅ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመተ ዓለም የሚጠብቀው ቀመር ዓመተ ምሕረት ሲሰጠው፣ ስሕተቱ ገና ኮዱ ሲጠናቀር፣ ለማንም ተጠቃሚ ሳይደርስ ይያዛል። የድሮ መምህራን "በዓመተ ዓለም ቁጠር" እያሉ በቃል የጠበቁትን ደንብ ማሽኑ እንዲጠብቅ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

የተሳሳተ ስም ያለው ዘመን

ላይብረሪው በትክክል አስልቶም ቢሆን ሥራው አላለቀም፤ ዘመኑን በሰው ቋንቋ መጻፍ አለበት። ለዚህ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ሲኤልዲአር የተባለውን የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ነው። በዚያ መረጃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቋንቋ፣ ለእያንዳንዱ የቀን መቁጠሪያ፣ ለእያንዳንዱ ዘመን ስም የሚሞላበት ቦታ አለ።

በአማርኛው ክፍል የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሁለት ዘመኖች በብዙ እትሞች ዓ/ዓ እና ዓ/ም ተብለው ተሞልተዋል። የዚህን ትርጉም ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ የአማርኛ መተግበሪያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023ን ከነዘመኑ እንዲጽፍ ሲታዘዝ "2023 ዓ/ም" ይላል። አማርኛ አንባቢ ዘንድ 2023 ዓ.ም. ገና ያልደረስንበት፣ በሴፕቴምበር 2030 የሚጀምር ዓመት ነው። ጁሊየስ ቄሣር የተገደለበት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ 44 ደግሞ "44 ዓ/ዓ" ሆኖ ይወጣል፤ ዓለም ከተፈጠረ በ44 ዓመቱ ማለት ነው። በዓመተ ዓለም ስንቆጥረው ግን 5449 ነው።

ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስሕተት ነው። ዘመን የሌለው ዓመት አንባቢውን ቢያንስ ይጠራጠር ዘንድ ይተወዋል። የተሳሳተ ዘመን የተለጠፈበት ዓመት ግን ጥርጣሬውን ራሱን ያጠፋዋል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የቃል ድህነት የለበትም። ጋዜጦቻችንና መጻሕፍታችን እ.ኤ.አ. እና ቅ.ል.ክ. እያሉ ለዓመታት ለይተው ጽፈዋል። ዓ.ም. እና ዓ.ዓ. ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጠበቁ፤ ጎርጎርዮሳዊው የራሱ ምልክት ይሰጠው። ወላይታ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር የተያዘችበት ዓመት በአማርኛ መጻሕፍት 1887፣ በውጭ መጻሕፍት 1894 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቅርስ ዳታቤዝ ሁለቱንም ዓ/ም ብሎ ከመዘገበ ግን አንድ የወላይታ ንጉሥ፣ ካዎ ጦና፣ ሁለት ጊዜ የተሸነፉ ይመስላል።

የወላይትኛው መረጃም የራሱ ችግር አለው። በሲኤልዲአር ውስጥ ወላይትኛ ገብቷል፤ የወራትና የዕለታት ስሞችም አሉት፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። በወላይታ ዞን ትምህርት ቤቶች ልጆች ወላይትኛን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የበዴሳ ተማሪ በቋንቋው የተሠራ መተግበሪያ ቢከፍት፣ ቋንቋው የእሱ፣ አጻጻፉ ግን በትምህርት ቤት ከለመደው የተለየ ይሆንበታል።

ሁሉም አዲስ ዓመት ዘመን አይደለም

ወላይታ ጊፋታን ሲያከብር "ዮዮ ጊፋታ" ይባባላል። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ አካባቢ በሚውል እሑድ ይከበራል፤ ቀኑንም ሽማግሌዎች የጨረቃን ሁኔታ ተመልክተው ይወስናሉ። ይህን ወደ ላይብረሪ እናስገባ የሚል ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ላይብረሪው "ዘመኑ ማን ይባላል? ዓመቱ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቁ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር መፈልሰፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ሽማግሌ ያልቆጠረውን ዓመት ኮምፒውተር ሊቆጥርለት አይገባም። ጊፋታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይ የሚያርፍ ተንቀሳቃሽ በዓል ተደርጎ ቢገባ ክብሩም እውነቱም ይጠበቃል።

ቀኑን ቀመር እንዲያወጣው ማስገደድም አያስፈልግም። ሰዎች የሚወስኑትን ቀን በሠንጠረዥ መቀበል በታላላቆቹ ላይብረሪዎች የተለመደ ነው። የጃቫ የሒጅራ አቆጣጠር የወራቱን ርዝመት የሚያነበው ከሳዑዲው የኡሙል ቁራ ሠንጠረዥ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2019 ሬይዋ የሚለውን አዲስ የዘመን ስም አውጃ ሜይ 1 ቀን ስትጀምረው፣ የዓለም ፕሮግራመሮች ለመዘጋጀት አንድ ወር ብቻ ነበራቸው። ጃቫ አዲስ ዘመን ከውጭ በቅንብር የሚገባበት በር ስለነበረው ለውጡን መቀበል ችሏል። ለንጉሠ ነገሥት ዘመን የተከፈተ በር ለወላይታ ሽማግሌዎች ውሳኔም ሊከፈት ይችላል።

የሚሠራው ሰው ምን ያድርግ?

በሶዶ፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከዚህ ምዕራፍ አራት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ዳታቤዙ የሚያስቀምጠው ተራውን የቀን ቁጥር ወይም የአይኤስኦ ቀን ይሁን፤ ከጎኑ ግን ቀኑ መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠርና በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ የሚናገር መስክ ይኑር። ኋላ ክርክር ሲነሣ የሚፈርደው ይህ መስክ ነው። ዓመቱ ብቻ ታውቆ ወሩና ቀኑ ካልታወቀ፣ ፕሮግራሙ ጃንዋሪ 1 ብሎ አይሙላው፤ የማይታወቀው ባዶ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ በቅጹ ላይ የዘመን ምርጫ ባዶ ሆኖ ማለፍ አይቻል። በኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ቅጽ ዓ.ም. አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቅ፤ ቀጥሎም ፕሮግራሙ ዕድሜውን አስልቶ ለመዝጋቢው ያሳየው። አሥር ዓመት ወይስ አሥራ ስምንት የሚለውን ከፊቱ የቆመችውን ልጅ የሚያይ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ሦስተኛ፣ ላይብረሪ ከመምረጡ በፊት ይፈትነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ይቀበላል? ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን እምቢ ይላል? መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይሆናል? ከአንደኛው ዓመተ ምሕረት በፊት ምን ይላል? በአማርኛ ሲጽፍ ለጎርጎርዮሳዊው ዓመት ዓ/ም ይለጥፋል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ያለ እነሱ የሚለቀቅ ሥርዓት ግን የሰዎችን ዕድሜ ለዓመታት ሲያዛባ ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፣ የዘመን ስሞቹን ለሌሎች አይተዋቸው። አሁን የኢትዮጵያ አቆጣጠር በብዙ ቦታ አለ። የአፕል ስዊፍት ቋንቋ ዓመተ ምሕረትንና ዓመተ ዓለምን በየስማቸው ለይቶ ይዟል። ፋየርፎክስ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያወጣው ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀን ሥርዓትም ሁለቱን ያውቃል። ማሽኑ ተዘጋጅቷል። የቀረው በውስጡ ያሉት ስሞች በሚናገሩት ሰዎች መታረማቸው ነው። ሲኤልዲአር በየጊዜው የቋንቋ ተናጋሪዎችን አስተያየት የሚሰበስብበት መድረክ አለው፤ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ፣ ወላይትኛ የሚናገር ሁሉ እርማቱን ማቅረብ ይችላል። በሲኤልዲአር ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት ዓ/ም በእ.ኤ.አ. ብትተካ፣ እርማቷ ያንን መረጃ የሚያነብ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ጋ ትደርሳለች። ይህን ያህል ጥቅም ያለው እንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ስላለን፣ እንሥራው።